ሁለት ጊዜ የሳቀው አዳራሽ

«ፊት ወንበር እያለልህ ኋላ ትለኛለህ?»

ከይሪያ ሁለቱን ቲኬቶች እንደያዘች ልጁን አፍጥጣ አየችው…

ልጁ ዲዩ ይባላል። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል።

ከይሪያ ደግሞ ገበያው መሃል የጨርቅ ሱቅ አላት። የአዲስ አበባ ተዋንያን፣ አባቶቻችን ተሰልፈው ያዩትን የድሮ ቲያትር ይዘው ሲመጡ፣ ቲኬቱን እንድትሸጥላቸው የሰጡት ለእሷ ነው። የሚታየው ለአንድ ቀን ብቻ… ከተማው በጉጉት አብዷል!

«ዋጋው እኮ አንድ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ እህቴ። ኋላ፣ ጥጉ ጋ፣ በሩ አጠገብ ይሁንልኝ… ለእኔና ለእናቴ።»

ሰው ሁሉ ፊት ለመቀመጥ ሲጋፋ ይሄ በር ይመርጣል!

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ… ከይሪያ ደግሞ ሳትጠረጥር የዋለችበት ቀን የለም።

«ገብቶኛል» አለች በሆዷ። «ጓደኞቹን በበሩ ሹልክ አድርጎ ሊያስገባ ነው።»

ሸጠችለት… ግን ነቅታ ልትጠብቀው ቆርጣለች።

ቀኑ ደረሰ። ቲኬት እያየች ሰው የምታስገባውም ከይሪያ ናት። የከሰዓቱ ሙቀት አይጣል ነው፣ ሰው ሁሉ በቲኬቱ ራሱን ያራግባል።

ዲዩ እናቱን ደግፎ ገባ። ኛኩዋኒ ይባላሉ፣ ለዚህ ቲያትር ሲሉ ከኑዌር ዞን፣ ከማታር ድረስ የመጡ ናቸው።

መጋረጃው ተከፈተ…

ብዙም ሳይቆይ ከኋላ ጥግ ሹክሹክታ!

ከፊታቸው የተቀመጡት መምህር ዘውዱ ዞር ብለው «እሽሽ!» አሉ። ሹክሹክታው አላቆመም። በንዴት ተነስተው ከይሪያ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ወይ ዝም አሰኚያቸው፣ ወይ አስወጪልኝ!»

ከይሪያ ይሄን ስትጠብቅ ነው የዋለችው! ሄዳ ዲዩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ኋላ የፈለግከው ለወሬ ነው ለካ! በል እናትህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ዲዩ ደነገጠ።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ… እናቴ አማርኛ አትሰማም። በኑዌርኛ እየተረጎምኩላት ነው። ኋላ የፈለግነው ሰው እንዳንረብሽ ብለን ነው።»

ዲዩ ቀጠለ…

«ልጅ ሆኜ ማታር ላይ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ነበረ። ቲያትር ሲመጣ ሰው ይስቃል፣ እናቴም አብራ ትስቃለች… ለምን እንደሳቀች ግን አታውቅም። ዛሬ አውቃ ትሳቅ ብዬ ነው። ተዋንያኑ እኮ ነገ ይሄዳሉ…»

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ዲዩ ቶሎ ወደ እናቱ ጆሮ ተጠጋ።

አዳራሹ ስቆ ሲያበቃ… ኛኩዋኒ ብቻቸውን፣ ከልባቸው፣ ጮክ ብለው ሳቁ!

ሰው ሁሉ ዞረ።

መድረክ ላይ ያሉት አንጋፋ ተዋናይ ንግግራቸውን አቋረጡ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ጥጉ ተመለከቱ… ልጁን የእናቱ ጆሮ ስር ተጠግቶ አዩት።

«አለቀ፣ ተቆጡ!» አለች ከይሪያ በሆዷ።

ተዋናዩ ግን ገባቸውና ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሚያስቅ ነገር በተናገሩ ቁጥር ዝም ብለው ይጠብቃሉ!

መጀመሪያ አዳራሹ ይስቃል።

ቀጥሎ ኛኩዋኒ ይስቃሉ።

ያኔ ነው የሚቀጥሉት…

ያን ሁሉ የተቆጡት መምህር ዘውዱ ሳይቀሩ አንገታቸውን ጠምዝዘው የኛኩዋኒን ሳቅ ይጠብቁ ጀመር። እሳቸው ሲስቁ መምህሩም እንደገና ይስቃሉ!

ቲያትሩ አልቆ ተዋንያኑ እጅ ሲነሱ፣ ዲዩ ለመተርጎም ወደ እናቱ ዞረ…

ኛኩዋኒ ግን ቆመው እያጨበጨቡ ነበር። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድመው!

ከይሪያ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ሲወጡ ዲዩን በሩ ላይ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ሌላ ቲያትር ሲመጣ ያቺን ጥግ ለማንም አልሸጥም፣ የእናንተ ናት።»

ወዳጆቼ… መጠርጠር ክፉ አይደለም፣ ሱቅም ቤትም ይጠብቃል። ግን ሰውን «ውጣ» ከማለታችን በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። የዚህን ልጅ ልብ ደግሞ ለሁላችንም ያድለን!

እስቲ ልጠይቃችሁ… በእናንተ ቤት ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሯችሁ የሚስቅ ማነው?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ… ከዚያ በፊት ግን ዞር በሉና ምን እንዳሳቃችሁ ንገሩት።