እንዳትነኪው

ከሁለቱ ሠዓሊ እህትማማቾች ታናሿ የእናታቸውን ምስል ሥላ ሠዓሊዎች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ግሩፕ ላይ ለጠፈችና ከሥሩ «ሳታዝኑልኝ ስህተቴን ንገሩኝ» ብላ ጻፈች። ታላቂቱ ሥዕሉን አጉልታ አየችው። ዕድሜ ልኳን ቀለም ስትበጠብጥ ያልሆነላት የእናቷ ዓይን፣ ትናንት ብሩሽ በጨበጠች ልጅ እጅ ነፍስ ዘርቶ አፈጠጠባት። ወዲያው ግን ጉልበት ላይ ያረፈውን የእናትየዋን እጅ አየች፤ አጥንት የሌለው፣ እንደ ባዶ ጓንት የተልፈሰፈሰ ነበር። ደስ አላት። እርማቱን በሁለት መስመር ማስረዳት ስትችል «እንከን የለውም፣ እንዳትነኪው!» ብላ ጻፈች።

ስልኳ ጮኸ። «እትዬ፣ እውነትሽን ነው?» አለች ታናሿ በደስታ እየተንተባተበች። «እጇ አልመጣልኝ ብሎ ስንቴ አለቀስኩ መሰለሽ! ሌላው ያሻውን ይበል፣ አንቺ አትዋሺኝም። በቃ፣ እንዳለ ግሩፑ ለሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ልልከው ነው።»

ታላቂቱ ወደ ሥዕሉ ተመለሰች። ዓይኖቹን ዳግም አየቻቸው፤ አሁንም ያስቀናሉ።

«አትላኪው» አለች በመጨረሻ። «እጁ ልክ አይደለም። አይቼዋለሁ፤ ቀንቼ ነው የዋሸሁሽ።»

 ከታናሿ በኩል መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ።

«እርሳስ ይዣለሁ» አለች በቀዘቀዘ ድምፅ። «ከየት ልጀምር?»