የምረቃው ብርጭቆ

ካዩምባ ብርጭቆውን ከአዲሱ ቧንቧ ሞልቶ ለምረቃው በመጡት እንግዶች ፊት ለናቡኬራ ዘረጋላት። የቪክቶሪያን ሐይቅ ውሃ አጣርቶ ለመንደሩ የሚያድለውን ጣቢያ የገነባው የእሱ ድርጅት ነበር፤ መሐንዲሷ ደግሞ እሷ። ውሃው ኩልል ብሏል። ግን ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን የሚጨምረው ማሽን ተበላሽቶ ነበር። ጠዋት ስትነግረው «እንግዶቹ እስኪሄዱ አፍሽን ያዢ» ብሏታል።

«የሠራችው ልጃችን ትቅመሰው!» አለ እየሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ወይ ጠጪ፣ ወይ ነገ ቢሮ እንዳትመጪ» አላት። ናቡኬራ «ብታመም የምታመመው እኔ ብቻ ነኝ» ብላ ጨለጠችው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳይበርድ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አንዲት አሮጊት ከሰው መሐል ወጡ። «ባለፈው ዓመት ኮሌራ ሁለት ልጆች ወስዶብኛል፤ ውሃ ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ» አሏት። «አንቺ ከጠጣሽው ግን ምን እፈራለሁ ልጄ? ለእኔም ቅጂልኝ።»

ካዩምባ ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቆ ሞላና ለአሮጊቷ ሰጣቸው።

«ጃጃ፣ ይቆዩ!» አለች ናቡኬራ፣ አሮጊቷን እንደ አያቷ ጠርታ።

አሮጊቷ ብርጭቆውን ከአፋቸው መልሰው በጥያቄ ዓይን አዩዋት። ካዩምባም አያት።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች ናቡኬራ። «ቀስ ብለው ይጠጡ።»

አሮጊቷ መረቋት። ግማሹን ቀስ ብለው ጠጡና፣ የቀረውን ጀርባቸው ላይ ላለው ሕፃን አጠጡት።