የሙሴ ፈረንስ ጠባቂ

በድሬዳዋ ሐሩር ካፖርት ለብሶ የሚውል ሰው ቢኖር ካሂን ብቻ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የበረዶ ፋብሪካ የማከማቻ ክፍሉ ጠባቂ ነው። አገር ምድሩ ላቡን ሲጠርግ የእሱ ጥርስ ይንገጫገጫል። የመጋላ ሰፈር ሰዎችም «ካሂን ገሀነም ቢገባ ብርድ ልብሱን ይዞ ነው» እያሉ ይስቁበታል።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ እንደ ድሬ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» የሚባለው ፈረንስ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በጅቡቲ ባቡር የመጣ የሀንጋሪ ስደተኛ ነው። መልከ መልካም፣ ሲስቅ ሙሉ ጥርሱ የሚያስቀና ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ሲቀመጡ ለካሂን የድሮ ዝናውን ያጫውተዋል።

«በአገሬ ሐይቁ በብርድ ወራት ድንጋይ ይሆናል» ይለዋል። «ደገኞቹ ገና እንደሚጫወቱት፣ እኛ ቆልማማ ዱላ ይዘን፣ ከጫማችን ስር ስለት አስረን በበረዶ ላይ እንጫወታለን። የምንመታው ነገር እንደ አለት ነው፤ የስንቱን ጥርስ አራግፏል። እንጀራዬ ያ ጨዋታ ነበር፤ ስሜን የማይጠራ ሕፃን አልነበረም።»

ከዚያ ድምፁ ይወርዳል። ከውጭ አገር ግጥሚያ ሲመለስ «ልትከዳ ነበር» ብለው አሰሩት። አንድ የደህንነት መኮንን አንድ ክረምት ሙሉ ገረፈው። ሕዝቡ ሲነሳና እስር ቤቱ ሲሰበር አመለጠ።

«ያ ሰው አንድ ቀን ፈልጎኝ ይመጣል» አለው አንድ ጊዜ እጁን ይዞ። «ካሂን፣ መጋንህ ነኝ።»

በሶማሌ ወግ «መጋንህ ነኝ» ብሎ ጥበቃ የተማጠነን ሰው አሳልፎ መስጠት ውርደቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ካሂንም በአላህ ስም ማለለት።

ሚስቱ ፋዱማ ግን አልተዋጠላትም። «አቦ፣ ይኼ ሰውዬ ነው በበረዶ ላይ ሲሮጥ የኖረው? በረዶ ቤት ሲገባ ያንተን ትከሻ ይዞ አይደል እንዴ!»

«እግሩን በእስር ቤት ሰብረውት ነው። ተይው፣ አትሳቂበት!»

ሙሴ ፈረንስ ከመጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ የቀትር ፀሐይ፣ ከተማው በሙሉ ሲያንቀላፋ አንድ ፈረንጅ የፋብሪካውን በር አንኳኳ። ቅንድቡ የተተረተረ፣ የፊት ጥርስ የሌለው፣ ከሲታ ሰው ነው። ካሂን ባቡር ጣቢያ ሲጭንና ሲያራግፍ በለቃቀማት ፈረንሳይኛ ተግባቡ።

«ፈረንስ ሃልሚን እፈልጋለሁ» አለ።

«ማን ልበለው?»

«ስሜን እሱ ያውቀዋል።»

ካሂን ፊቱን ትክ ብሎ አየው። እንዲህ ያለ ፊት የሚኖረው ሰው ሲገርፍ የኖረ ነው ብሎ አሰበ። «ሙሴ ውስጥ ነው፣ ግባ» ብሎ የበረዶ ቤቱን ወፍራም በር ከፈተለት። ወለሉ ራሱ በረዶ ነው፤ እንግዳው ግን እግሩን እንኳ ሳያይ ቀጥ ብሎ ገባ። ካሂን በሩን ከውጭ ቀረቀረው።

ሮጦ ሙሴ ፈረንስን ከመኝታው ቀሰቀሰው። የእንግዳውን መልክ ሲነግረው ሙሴ አልጋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እሱ ነው።»

«ፖሊስ ልጥራ?»

«ፖሊስ እንዳትጠራ! እስኪመሽ እዚያው ይቆይ።»

«ወላሂ ይሞታል፣ ሙሴ! ስስ ሸሚዝ ነው የለበሰው።»

«መጋንህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ካሂን ተመልሶ በሩ ላይ ተቀመጠ።

በመጀመሪያ በሩ በጡጫ ተደበደበ። ጩኸቱን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ቀጥሎ ከውስጥ ብረት ሲፋቅ ተሰማ፤ ረጅም፣ እየሄደ የሚመለስ ድምፅ ነበር። ግድግዳውን እየገዘገዘ ነው ብሎ ካሂን ጥርሱን ነከሰ። ሁለት ጊዜ እጁ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ፤ ሁለቴም መለሰው። አዘነለት፤ በማዘኑም አፈረ። የአስር ሰላት ሊደርስ ሲል ድምፁ ዘገየ፣ ከዚያም ቆመ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሴ ፈረንስ መጣ። «አንተ ግባና እይ» አለ። እሱ ደጃፉ ላይ ቀረ።

ካሂን ፋኖሱን ይዞ ገባ። እንግዳው የበረዶ ክምሩን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ነጥቷል። ግድግዳው አልተነካም።

«ሞቷል?» አለ ሙሴ ፈረንስ ከውጭ።

ሟቹ ቀበቶውን ሰንጥቆ ከሁለቱም ጫማዎቹ ስር ከበረዶ ክምሩ ማቀፊያ የነቀለውን ስስ የብረት ቁራጭ አጥብቆ አስሯል፤ ወለሉም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አንድም የመውደቅ ምልክት ሳይኖርበት፣ በረጃጅም ቅስት መስመሮች ተሞልቶ ነበር።