ሐመሩ ሐ

"ጥያቄ አሥራ ሁለት" ይላል አባዬ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ። "ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ጋር የሰላም ውል የተፈረመው የት ነው? ሀ፣ በርሊን። ለ፣ ለንደን። ሐ፣ ቬርሳይ። መ፣ ሮም።"

"ሀ" እላለሁ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

"ልክ ነሽ።"

ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ፣ በእማዬ ጉልበቶች መሀል ተቀምጫለሁ። ጸጉሬን እየጎነጎነችኝ ነው፤ ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ እንደቆመ ነው። ጣቶቿ ራሴን በነኩኝ ቁጥር እንቅልፍ ለብ እንዳለ ውሃ ይወርድብኛል። አባዬን "አንብብልኝ" ያልኩት አንገቴን አቀርቅሬ መጽሐፍ መያዝ አልችልም ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር እችላለሁ። ግን ሁለቱን አንድ ቦታ የማስቀምጥበት ሌላ ሰበብ አጣሁ።

አባዬ የደሴ ሰው ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር። በጦርነቱ መንገዱ ሲዘጋ ጭነት ይዞ ወዲያ ማዶ ነበር፤ እዚያው ቀረ፣ ስልኩም ተቋረጠ። መንገዱ ሲከፈት መጣ። እማዬ በሩን ከፈተችለት፣ ውሃ ሰጠችው፣ አበላችው። ከዚያ ወዲህ ግን የምታናግረው በእኔ በኩል ነው። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ኣባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው" ትለኛለች፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ። እኔም እለዋለሁ፣ ምን ላድርግ?

ነገ ጠዋት የዓለም ታሪክ ፈተና አለብኝ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሲከፈት ከክፍሌ ልጆች አንድም አልነበረም፤ ከታናናሾቼ ጋር ዴስክ መጋራት አፍሬ ቤቴ ሆኜ በአጋዥ መጽሐፍ ተማርኩ። የግል ተፈታኝ ይሉኛል። ነገ ከወደቅኩ ሁለተኛ አልሞክርም፣ ለራሴ ምያለሁ።

ዓይኔን ስጨፍን ዓለም በሙሉ ሰፈራችን ቀዳማይ ወያነ ውስጥ ትገባለች። ጄኔራሎቹ ሮማናት አደባባይ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማኪያቶ ያዝዛሉ፣ የታክሲ ረዳት "ዓይደር፣ ዓይደር" እያለ ሊጭናቸው ይጣራል። ከዚያ አንድ ላይ ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በርሊን የሚባል ሰፈር ሄደው አንድ የተዘጋ በር ያንኳኳሉ።

"ደስ ይላል ግን" እላለሁ፣ በሕልሜም በእውኔም። "ያሸነፉት ተሸናፊው ቤት ድረስ ሄደው ታረቁ።"

የእማዬ ጣቶች ይቆማሉ። "ኣሸናፊ፣ ተሸናፊ ቤት ሄዶ?"

"አዎ፣ በርሊን።"

"ኣይመስለኝም። በእርቅ ጊዜ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ኣውቃለሁ።" ወደ አባዬ ዞር ትላለች። "ደመላሽ፣ መልሱን እስቲ ደግመህ ኣንብበው።"

ስሙን ስትጠራ እኔም አባዬም እንደነግጣለን። የመጽሐፉን የኋላ ገጾች ያገላብጣል።

"ሀ ነው የሚለው።"

"የቱ ሀ?"

"ሀ ነዋ። ያው ሀ።"

"ሀ ወይስ ሐ?" ሁለተኛውን ከጉሮሮዋ ታወጣዋለች።

አባዬ አንዴ መጽሐፉን አንዴ እሷን ያያል። "ሁለቱም ያው ናቸው እኮ፣ ኣብርሀት።"

"ሃሌታው ነው ሐመሩ?"

"ሐመሩ" ይላል ቀስ ብሎ።

ክው እላለሁ። ሐመሩ ሐ ቬርሳይ ነው። ለአባዬ ጆሮ ግን ሀም ሐም አንድ ናቸው፤ አንደኛውን ብመርጥም ሦስተኛውን ብመርጥም "ልክ ነሽ" ሲለኝ ቆይቷል። ከዚያ ሁሉ ልክ ነሽ ውስጥ የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም፣ ፈተናው ደግሞ ነገ ነው። እንባዬ ይመጣል።

"በገዛ ጆሮዬ ልጄን ጣልኳት" ይላል አባዬ።

"መሸ እንዴ?" ትለዋለች እማዬ። "ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ኣንተ ጥያቄውን ታነባለህ፣ መልሱን ለእኔ ታሳየኛለህ፣ እኔ እነግራታለሁ።" የተቀመጠችበት መደብ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ትሰጠዋለች። እሱም መጥቶ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ከራሴ በላይ በሁለቱ መሀል ይዘረጋል።

"እስቲ ሐ በል።"

"ሀ።"

"ሐ።"

"ኸ።"

"ኣንታ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረህ ኣንዲት ፊደል ኣቃተህ?"

"ምን ላድርግ፣ ጉሮሮዬ ደሴ ቀርቶ።"

"ጉሮሮህ ብቻ ከሆነ ደግ ነው።"

አውሮፕላን ኲሓ ሊያርፍ ዝቅ እያለ በላያችን ያልፋል፣ አባዬ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል።

"ጉሮሮዬ ብቻ ነው" ይላል።

እማዬ ጸጉሬን አጥብቃ ትስበውና መልሳ ታላላዋለች።

ከዚያ እንሄዳለን፣ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ። ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ያንን ያህል ደግሞ አውቃለሁ። ነገሥታት ይወርዳሉ፣ አገሮች ይከፈላሉ፣ ውል ይፈረማል፤ እነሱ ከላዬ "እዚህ ጋ ነው"፣ "ኣይ፣ ታች ነው" ይባባላሉ። ስሜ አይነሣም፣ በእኔ በኩል የሚያልፍ መልእክት የለም። በደስታ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

"የመጨረሻው" ይላል አባዬ። "የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት የት ነው? ሀ፣ ጄኔቫ። ለ፣ ፓሪስ። ሐ፣ ኒውዮርክ። መ፣ ለንደን።"

ይሄን የማያውቅ የለም። እኔም አውቀዋለሁ።

"ሀ" እላለሁ። "ጄኔቫ።"

"አይደለም" ይሉኛል ሁለቱም በአንድ አፍ፣ ከዚያም መጽሐፉን መልሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይገልጡታል።