የማይካፈለው ሣር

መመሪያው ግልጽ ነበር። ከላሊበላ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ባለችው መንደር፣ ገደሉ አናት ላይ ያለው የወል ሣር ለአባወራዎች በቡድን ይከፋፈል። ቡድኖቹ በአባል ቁጥር እኩል ይሁኑ። አንድም አባወራ አይትረፍ። እኩል መክፈል ካልተቻለ ሣሩ በወል ይቆይ።

የአደረጃጀት ኃላፊው አቶ ሰውአገኝ ይህን ሲያነብ አንድ ቃል አልዘለለም። ባለ ዲግሪ ነው። የማያውቀው ነገር ሲነገረው እንደሚያውቅ ሆኖ ከማንም ቀድሞ ራሱን ይነቀንቃል።

"ከተከፋፈለ በኋላስ?" አሉ የመንደሩ ሽማግሌ ቄስ ደባሱ።

"እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ከባለሀብቱ ጋር ይዋዋላል። ሎጅ ይሠራበታል።"

"ከብቱስ? ሎጅ ይደር?"

ሰው ሳቀ። ሳቅ መመሪያው ውስጥ ስላልነበረ ኃላፊው አልሳቀም።

አስቀድሞ ቤት ይቆጠር ተባለ። "እኔ እቆጥርልዎታለሁ" ብላ የተነሳችው የሒሳብ መምህርቷ የትናየት ናት። የኮን ከተማ ሰው ናት፤ እዚህ ሣርም ላምም የላትም። ያን ቀን ጠዋት ሰሌዳ ላይ "ባለ ሁለት አሃዝ ብቸኛ ቁጥሮች ሃያ አንድ ናቸው" ብላ አስተምራ ነው የመጣችው።

"ምን ታድርግ፣ ደመወዟ ከወዲያ ነው!" አለች ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ እሷው እንድትሰማ አድርጋ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ በመመሪያው ግን እሷም አባወራ ናት።

የትናየት ቤት ለቤት ዞራ ቆጠረች። ቆጠራው ዘጠና አንድ ሆነ።

ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ለሁለት አካፈለ። ግማሽ ሰው ተረፈ። ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት ሞከረ። ሁሉም ነጥብ እያስከተለ መጣ። ዓይኑ ባንችይርጋ ላይ አረፈ።

"የተደበቀ ቤት አለ። ጓሮሽ ያለው ጎጆ የማን ነው?"

"የበጎቼ። ግባና አባወራ አድርጋቸው። እነሱም ሣሩን አንሰጥም ነው የሚሉህ።"

ገባ። በጎች ነበሩ። ጫማውን በድንጋይ እየጠረገ ወጣ።

"ወይ አንድ ሰው ይጨመራል፣ ወይ አንድ ሰው ይቀነሳል!"

"ማንን እንግደልልህ?" አሉ ቄሱ።

ኃላፊው መምህርቷን አላመናትም። ቤቶቹን አንድ በአንድ ራሱ ዞሮ ቆጠረ። ዘጠና አንድ። መንደሩ በሙሉ ከቦት ቆሟል። ስልኩን እንደገና አወጣና ጣቱን ሰባት ላይ ሰደደ።

"አቶ ሰውአገኝ፣" አለች የትናየት፣ "እርስዎን የመሰለ የተማረ ሰው በከንቱ ሲደክም አላይም። ይሄ እኮ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ባለ ሁለት አሃዞቹ ሃያ ሁለት አይደሉ? አንዱ ይኸው። መቼም ለእርስዎ አይነገርም።"

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ።

"ገና ስመጣ ጠርጥሬ ነበር" አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። "ሣሩ በወል ይቆያል" ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙንም ትንፋሹን እፍ ብሎበት አሳረፈ።

"ሌላ ቁጥር ይዘህ እንዳትመጣ!" አለች ባንችይርጋ ከኋላው።

በማግስቱ የመድኃኔዓለም ዝክር ነበር። ከየቤቱ አባወራው መጣ፤ የቀረ የለም። እንግዳ ናትና ታስተናብር ተብሎ ሰውን የማስቀመጡ ነገር ለየትናየት ተሰጠ።

በየመሶቡ ዙሪያ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ ሰባቱም መሶብ እኩል ሞላ፤ ቆሞ የቀረ አንድም አባወራ አልነበረም።