ኩሬው ዳር የወደቀ ግዝት

«ይህን ያደረገ፣ ሲደረግ አይቶ የደበቀ፣ ሰምቶ ዝም ያለ፣» አሉ ቄስ መልከ ጼዴቅ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ቃል የተገዘተ ይሁን።»

ኩሬውን ከቦ የቆመው ጎረቤት ሁሉ «አሜን» አለ። ከሁሉም ጮክ ብላ ያለችው በለጠች ናት። የሞቱት ዓሦች የእሷ ናቸው፣ ያስገዘተችውም እሷው። አሜን ስትልም ዐይኗ የጎረቤቷ የሸጋው ከንፈር ላይ ነበር። ከንፈሩስ ተንቀሳቅሷል፤ ድምፅ መውጣቱን ግን እንጃ።

ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል ይገኛል ስንጥር ይባላል። የሸጋው ነገር ደግሞ ለበለጠች ስንጥር ብቻ አይደለም፣ ግንዱ እንዳለ ነው። ማሳው ከኩሬው ይዋሰናል። አምና ኩሬውን የሚሞላውን የምንጭ ውሃ እንካፈል ቢላት እንቢ ብላዋለች። ሰሞኑን ደግሞ የሚስቱ ወንድም ከጣና ዳር መጥቶ ሰንብቶ ነበር፤ በዚያ አገር የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ላይ እየበተኑ ዓሣ እንደሚያሰክሩ ዳባት ድረስ ያልሰማ የለም። እንግዳው በሄደ ማግስት የመጀመሪያው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

የተገዘተ ሰው እስኪፈታ ድረስ እሳት አይጫርለትም፣ ማዕድ አይቀርብለትም፤ ቢሞትም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አይቀበርም። በለጠች ይህን ሁሉ ለሸጋው ከልቧ ተመኘችለት።

አሜን ያላለች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ከደባርቅ በባጃጅ የመጣችው የዓሣ ባለሙያ ሕሊና። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያስገዝት እሷ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ የሞተ ዓሣ መተንፈሻ ስንጥብ ገልጣ ታያለች። ይቺ ደግሞ የሸጋው ዘመድ ትሆን እንዴ፣ ስትል በለጠች አሰበች፤ ያን ቀን የማትጠረጥረው ሰው አልነበረም።

ሕሊና ጣት በምታክል ብልቃጥ ከኩሬው ቀድታ ጥቂት የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት። ውሃው ቢጫ ሆኖ ቆየና ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ።

«መርዝ ነው አይደል?» አለች በለጠች።

«መርዝ ነው።»

«በይ ጮክ በይና ሰው ይስማሽ።»

«እትዬ በለጠች፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ እንበል።» ሕሊና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብርብራ ቢሆን ባንድ ሌሊት ይፈጃቸው ነበር። የእርስዎ አንድ በአንድ ነው ያለቁት። ይህ መርዝ ከራሳቸው ከዓሦቹ የሚወጣ ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻስ ዱሮም ይወጣቸው የለ?»

«ዱሮ የሚያጠፋው ነበረ። ኩሬው የለበሰው ፕላስቲክ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነበረ። የት ሄደ?»

በለጠች ኮራ አለች። በሙያዋ የሚጠይቃት ሰው ትወዳለች።

«እኔው ፈግፍጌ አነሣሁታ። ቄሱ ኩሬውን በጠበል ሊባርኩልኝ በመጡበት ዋዜማ ነው። ጠበል እድፍ ላይ ይረጫል እንዴ? ዓሦቹን በርሜል ውስጥ አቆይቼ፣ ውሃውን አፍስሼ፣ ከዳር እስከ ዳር በበረኪና አሸሁት። እንደ ሰሐን ነው ያብረቀረቀው።»

ሕሊና ብልቃጧን በጨርቅ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ዝልግልጉ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ነበሩ፣ እትዬ። የዓሦቹን ቆሻሻ እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ቆሻሻው ተጠራቀመ፤ ዓሦቹ ደከሙ። የደከመውን ደግሞ ሌሎቹ፣ ክፉዎቹ ባክቴሪያዎች አገኙት። ክንፉ ሥር ያለው ቁስል የእነሱ ነው።»

«ባክቴሪያ በሽታ አይደለም እንዴ?»

«የሚያኖርም አለ።»

በለጠች ጠጋ ብላ ፊቷን አጠናችው። «ይህን በይ ያለሽ ሸጋው ነው?»

«ሸጋው የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

ልጅቷ አልዋሸችም፤ ፊቷ ላይ የሚታየው ሐዘን ብቻ ነበር። በለጠች ክው አለች። ለጾሙ ለደባርቅ ሆቴሎች ልታደርሳቸው ቃል የገባችባቸው፣ እንደ ልጅ የቀለበቻቸው ዓሦች። በገዛ እጇ።

«ለማንም አልናገርም፣» አለች ሕሊና። «ሆን ብለው ያደረጉት ነገር አይደለም።»

ሰዉ መበተን ጀምሯል። ሸጋውና ሚስቱ ለብቻቸው ቆመዋል፤ በአጠገባቸው የሚያልፈው ሁሉ ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው። እንዲያ ዞረው ካለፉት አንዷ ገና ትናንት ከሸጋው ሚስት ጋር ገበያ የዋለች ነች። ስሙን የጠራ አልነበረም፤ መጥራትም አላስፈለገ። የበለጠች ዐይን ሲያነጣጥር የዋለበትን አገሩ ሁሉ አይቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን ዝም ያለም ተገዝቷል፤ ይቺ ምንም የማታውቅ የሰው ልጅም አብራት ልትገባበት ነው።

ከሸጋው ማሳ ካብ አንድ ድንጋይ መዘዘች። ከበዳት፤ እንደምንም ማጅራቷ ላይ አሳረፈችውና ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ጎንበስ ብላ ወደ ቄሱ ሄደች።

«አባ፣» አለች፣ «ግዝቱ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ዓሦቹን የፈጀኋቸው እኔ ነኝ። ሸጋውን ያለ ጥፋቱ ነው የጠረጠርሁት።»

ሰዉ ባለበት ቆመ። ቄስ መልከ ጼዴቅ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግዝቱን እኔ እፈታዋለሁ፣ ልጄ። ድንጋዩን ማውረድ ግን የሱ ፈንታ ነው።»

ዞረች። እንዳጎነበሰች የሚታያት የሸጋው ኮንጎ ጫማ ብቻ ነው። ፊቱን ማየት አትችልም። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ አታውቅም። ድንጋዩ አንገቷን ይፈቀፍቃታል።

«ደግሞ ምን ተንኮል አስባ ነው?» ሲል ሰማችው፤ የሚናገረው ለሚስቱ ነው።

ጫማው ከቦታው አልተነሣም።