ክቡ ኩሬ

ዴቃ የሳተላይቱን ምስል በመምህሯ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና አንዱን ጥቁር ክብ በጣቷ ነካች። «ይሄን ኩሬ ነው ብያለሁ ዶክተር፣ እስቲ እየው» አለች። የድሬ ልጅ ናትና ሽማግሌ መምህሯንም አንተ ነበር የምትላቸው።

ሽማግሌው ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ፤ እጃቸው ግን አየር ላይ ቀረ። የጂኦግራፊ መምህር ከመሆናቸው በፊት የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ፤ ከክቡ አጠገብ ያለውን የደረቀ ወንዝ መታጠፊያ ገና ሲያዩት ለዩት። ዝናብ ያቆረው ውኃ እንዲህ በኮምፓስ የተሳለ አይመስልም። ጉድጓዱን የቆፈረው ቦምብ ነበር፤ የጣሉትም እሳቸው።

«አጠገቡ የነበረውስ መንደር?» አሉ።

«የምን መንደር?» ዴቃ ሳቀች። «የአጎቴ ግመሎች እኮ እዚያ ነው የሚጠጡት። ወላሂ፣ ሰው ኖሮበት አያውቅም። አላህ የቆፈረልን ነው ይላል አጎቴ።»

ሽማግሌው ወደ ምስሉ ጎንበስ አሉ። ያኔ ዝቅ ብለው ሲያልፉ አንዲት ሴት ከጎጆዋ ወጥታ፣ ፀሐዩን በእጇ ጋርዳ ቀና ብላ አይታቸው ነበር። ያቺ ሴት በዚህ ምድር ላይ መኖሯን የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ አልቀረም።

«ልክ ነሽ» አሉና ክቡ ላይ ራይት አደረጉ።